ተጋጣሚ የሌለው ቡድን

ሾዋክን የሚያውቅ ሰው አፈሯን ያውቃል። በበጋ ጥቁሩ ዋልካ እየተሰነጠቀ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ አፍ ይከፍታል፤ በኸሪፍ ደግሞ ጫማን ከእግር ነጥቆ የሚያስቀር ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ከከተማችን ዳር ያለው የኳስ ሜዳ ዓመቱን ሙሉ ሜዳ አይደለም፤ ሜዳ የሚሆነው ጭቃው ደርቆ ስንጥቁ ገና ባልሰፋባቸው ጥቂት ወራት ነው። ቢሆንም በእነዚያ ወራት፣ ዓርብ ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የእኛ ሰው ለብዙ ዓመታት ሲሰበሰብበት ኖሯል። ከተጫዋቾቹ መካከል በ1984ና በ1985 ረኃብ ጊዜ በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ድንበር የተሻገሩ ነበሩ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ)፤ ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው የቀሩ ነበሩ፤ ወደ ሊቢያ ለማለፍ አስበው ገንዘባቸው እዚህ ያለቀባቸውም ነበሩ። አማርኛ፣ ትግርኛና ዓረብኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀላቅለው የሚነገሩበት ሜዳ ነበር።

ዳኛ አልነበረንም። ጥፋት የሠራ ሰው እጁን ያነሣል፤ ካላነሣ የገዛ ቡድኑ ጓደኛ ያጋልጠዋል፤ ይህም ካልሆነ ጨዋታው ቆሞ ክርክር ይሆናል፤ ክርክሩም ሻይ የምታፈላው ሴት «በሉ እንግዲህ፣ መሸ» ስትል ያበቃል። ቡድን የምንከፍለው በልጅነታችን እንደለመድነው ነበር። አቅማቸው የተመጣጠነ ሁለት ሁለት ሰዎች ዘወር ብለው የምስጢር ስም ያወጣሉ፤ ከዚያም ወደ ሁለቱ አለቆች መጥተው «ዓባይን ወይስ አትባራን?» ይላሉ። የተመረጠው ወደ መራጩ፣ የቀረው ወደ ሌላው ይሄዳል። ባለፈው ዓርብ ከጎኔ የተሰለፈ ሰው በዚህ ዓርብ ተጋጣሚዬ ነው። በዚህ ማንም ተከፍቶ አያውቅም።

በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ተነሣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ወደ ሱዳን ገቡ፤ የቀድሞው የኡም ራኩባ ሰፈር ዳግም ተከፈተ፤ በጃንዋሪ 2021 ደግሞ የቱናይድባ ሰፈር ተጨመረ። ከገቡት አንዳንዶቹ ዘመድ ፍለጋም፣ ሥራ ፍለጋም ወደ ሾዋክ መጡ፤ ከወጣቶቹም ጥቂቶቹ ሜዳችንን አገኙት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጫማ የሌለው ጫማ ተዋሰ፤ ሻይ ተጋበዘ። ቀስ በቀስ ግን በየሰዉ ኪስ ያለው ስልክ ለየሰዉ የየራሱን ጦርነት ይነግረው ጀመር። ሜዳው ላይ ዝምታ ገባ። ከዚያም አንድ ቀን ኳስ እጅ ነክታለች አልነካችም በሚል ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩ ስለ ኳስ እንዳልሆነ ሁላችንም ዐወቅን። አንድ ሰው «ከእንግዲህ እያንዳንዱ ከወገኑ ጋር ይጫወት» አለ። ዱላ አልተነሣም፤ ስድብም አልተሰማም። አንዱ ወገን ዓርብን ወሰደ፣ ሌላው ቅዳሜን። ኳሷ ከእነርሱ ዘንድ ቀረች፤ የኳሷ ፓምፕ ከእኛ ዘንድ።

እኔ ሥራዬ ትርጉም ነው፤ ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛ ወደ አማርኛ። የዓርቦቹ ሰዎች ሜዳው ለእነርሱ እንዲፈቀድ ለአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። በአማርኛ ያሉኝን አስታውሳለሁ፤ «አዲሶቹ ልጆች ከመምጣታቸው በፊት እዚህ ስንጫወት የኖርነው እኛ ነን» ነበር። ጥሩ ዓረብኛ ጻፍኩ። «አዲሶቹ ልጆች» የሚለው ለማመልከቻ የቀለለ ስለመሰለኝ በምትኩ «ጉረባእ» አልኩ፤ ባዕዳን ማለት ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጉዳዩን የያዘው ሰው ሁለቱንም ወገኖች አስጠርቶ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበው። ያን ቃል ሲደርስ ቀና ብሎ አየንና «እናንተስ?» አለ፤ በክፋት አይደለም፣ በእርግጥ ገርሞት ነው። ከወረቀቱ ግርጌ የፈረሙት ሁሉ በሱዳን ምድር የስደተኛ መታወቂያ የያዙ ነበሩ። ስንወጣ ከፈራሚዎቹ አንዱ፣ ዓረብኛ የሚሰማ ወጣት፣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እኛ እኮ እንዲህ አላልንም» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ አላሉም። ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። አብረው በሚጫወቱ ሰዎች መካከል ክፍፍል ሲመጣ የሰው ታማኝነት ለማን ነው? ለወገኑ ነውን? ለጓደኛው ነውን? ወይስ ለጨዋታው? ጥያቄው ሃያ ሁለት ሰው ስለሚሮጥበት ሜዳ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሰው በትልቁ ጉዳይ እንዴት እንደሚቆም የሚለማመደው በትንሹ ጉዳይ ላይ ነው።

* * *

የእኛ ጠብ የተነሣው ሠላሳ በማይሞላ ሰው መካከል ነው። ይኸው ጠብ በትልቁ ሲነሣ ምን እንደሚመስል ለማየት ግን የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ፌዴሬሽኑ በ1984 ተመሠረተ፤ በዚያው የረኃብ ዘመን መሆኑ ነው፣ የእኛዎቹ እናቶች ወደ ገዳሪፍ በእግራቸው ሲሻገሩ። በየዓመቱ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ሰሞን፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ፣ ከልዩ ልዩ ከተሞች የሚመጡ የኢትዮጵያውያን ቡድኖችን ያጋጥማል። በጥቂት ቡድኖች የተጀመረው ውድድር ከሃያ በላይ ቡድኖች የሚሰለፉበት ሆነ። ኳሱ ግን ሰበብ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሰው ለዓመታት ያላየውን ጓደኛ የሚያገኘው፣ ልጁን ከልጆች የሚያስተዋውቀው፣ እንጀራና መጽሐፍ የሚገዛው፣ ዘፈን የሚሰማው እዚያ ነው።

ሲያድግ ገንዘብ አስፈለገው፤ ገንዘብ ሲመጣ ጥያቄ አብሮ መጣ። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ድምፅ አለውን? የክብር እንግዳ የሚመርጠው ማን ነው? የቀድሞዋ ዳኛና የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ብርቱካን ሚደቅሳ ከእስር ከተፈታች በኋላ የክብር እንግዳ ሆና ትጋበዝ ወይስ አትጋበዝ በሚል የተነሣው ክርክር ይህን ቁስል ወደ ውጭ አወጣው። በመጨረሻ በባለሀብቱ በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ የሚደገፍ ሌላ ማኅበር ተቋቋመ፤ ስሙም «ኦል ኢትዮጵያን ስፖርትስ አሶሲዬሽን ዋን» ተባለ። ከሁለት አንዱ የሆነው ማኅበር በስሙ ውስጥ «አንድ» የሚል ቃል መያዙን ልብ ይሏል። በጁላይ 2012 ነባሩ ፌዴሬሽን በዳላስ፣ አዲሱ ማኅበር በዋሽንግተን አር. ኤፍ. ኬ. ስታዲየም፣ በአንድ ሳምንት ሁለት በዓል አደረጉ። ለሃያ ስምንት ዓመት «ዘንድሮ የት ከተማ ነው?» ሲባል የኖረው ጥያቄ በዚያ ዓመት «አንተ የየትኛው ነህ?» ወደሚል ተለወጠ። ተጫዋቹም፣ ድምፃዊውም፣ ምግብ ሻጩም አውሮፕላን የሚሳፈርበት ትኬት የአቋም መግለጫ ሆነበት።

ከሁለቱ ማን ትክክል እንደነበረ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ወንድሙ በዋሽንግተን፣ የልብ ጓደኛው በዳላስ የሚጠብቁት ተራ ሰው ነው። ያ ሰው ምን ማድረግ ነበረበት?

* * *

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ቀላል መልሶች በየሻይ ቤቱ ይገኛሉ።

አንደኛው «ከወገንህ ጋር ቁም» ይላል። ይህን መልስ መናቅ አይገባም። በስደት ምድር ሰው ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲታሰር ዋስ የሚሆነው ወገኑ ነው። ውለታ ያለበት ሰው ውለታውን ቢያስብ የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ ወገን የሚለው ቃል እንደ ዋልካችን በማንኛውም አቅጣጫ የሚሰነጠቅ መሆኑ ነው። የአባቴ ዘመዶች አማርኛ ተናጋሪዎች፣ የእናቴ ዘመዶች ትግርኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ልጅነቴን ያሳለፍኩት ከሱዳናውያን ልጆች ጋር ነው። «ከወገንህ ጋር ቁም» ሲሉኝ ከየትኛው ጉልበቴ ላይ እንድቆም ነው? ይህ የእኔ ብቻ ዕጣ አይደለም። ዋንጫ ባገኘንበት የ1962 የአፍሪካ ዋንጫ የብሔራዊ ቡድናችን አምበል የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎ የተወለደው አሥመራ ነው፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። በፍጻሜው ጨዋታ ቡድኑ በግብፅ 2 ለ1 ሲመራ አቻ የምታደርገውን ግብ ያገባው እርሱ ነው፤ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አክለው 4 ለ2 ተፈጸመ። ያን ቀን ቡድኑ የተሰለፈው «ወገንህ ማን ነው?» እየተባለ ቢሆን ኖሮ ዋንጫው ባልኖረ።

ሁለተኛው መልስ «ኳስ ኳስ ነው፤ ፖለቲካ አታስገቡበት» ይላል። ይህ የበለጠ ንጹሕ ይመስላል፤ ለእኔም ለብዙ ጊዜ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን መድረክ ላይ ማን ይውጣ የሚለውን አንድ ሰው መወሰኑ አይቀርም፤ ያ ውሳኔም ምንም ቢሆን ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በዳላሱ በዓል ላይ ለመገኘት ጠይቀው ፌዴሬሽኑ ጥያቄውን ሳይቀበል ሲቀር ግማሹ ሰው «ከፖለቲካ ተጠበቀ» አለ፤ ግማሹ «ይህ ራሱ ፖለቲካ ነው» አለ። ሁለቱም ያዩት አንድ ነገር ነበር። በእኛም ሜዳ «ስለ ጦርነቱ አናውራ» ማለት ዘመዱ ላልሞተበት ዕረፍት ነበር፤ ለሞተበት ግን ሐዘኑን ከሜዳው ውጭ አውልቆ እንዲገባ መታዘዝ ነበር።

* * *

እንግዲህ ሌላ መንገድ መፈለግ አለብን። እኔ ያገኘሁት መንገድ ቀላል ከሆነ አንድ እውነት ይነሣል፤ ጨዋታን ጨዋታ የሚያደርገው ተጋጣሚ ነው።

ኳስ፣ ሜዳ፣ መለያ፣ ደጋፊ ሁሉ ኖሮ ከወዲያ ማዶ የሚቆም ከሌለ ያለው ልምምድ ነው። ጓደኛዬ ኳስ ያቀብለኛል፤ ተጋጣሚዬ ግን ጨዋታውን ራሱን ይሰጠኛል። ሊያሸንፈኝ በሙሉ ልቡ በመድከሙ እኔ የምሮጥበት ምክንያት አገኛለሁ። በሜዳ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ ባለዕዳ የምሆነው ለእርሱ ነው። በድሮው የገና ጨዋታ ጌታው በሎሌው በትር ቢመታ እንዲቆጣ አይፈቀድለትም ነበር፤ አባቶቻችን ይህን የደነገጉት ጌታው ተጋጣሚ ለመሆን ሲስማማ ጌትነቱን ለዚያች ሰዓት ስለሚያስቀምጥ ነው። ተጋጣሚነት ክብር ነው፤ እኩያ ነህ ማለት ነው።

የሆላንዱ የታሪክ ምሁር ዮሃን ሁይዚንጋ በ1938 ባሳተመው «ሆሞ ሉደንስ» በተባለ መጽሐፉ ስለ ሁለት ዓይነት በዳዮች ይናገራል። አንዱ አጭበርባሪ ነው፤ ሕጉን ይጥሳል፣ ግን የሚያከብር መስሎ ስለሚጥስ ጨዋታው እንዳለ ይቀጥላል። ሌላው ጨዋታ አፍራሽ ነው፤ እርሱ ሕጉን አይሰርቅም፣ ጨዋታው የቆመበትን ዓለም ራሱን ያፈርሳል። ማኅበር ከአጭበርባሪው ይልቅ በአፍራሹ ላይ የሚጨክነው ስለዚህ ነው ይላል። ነገር ግን ሁይዚንጋ ሌላም ነገር አይቷል፤ እነዚህ አፍራሾች አንዳንድ ጊዜ የራሳቸውን ሕግ ይዘው አዲስ ማኅበር ይመሠርታሉ። ትተው የወጡ ሁሉ ክፉዎች አይደሉም ማለት ነው።

ይህ ወደ ዋናው ልዩነት ያደርሰናል። ከሜዳ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ ከሜዳ ማስወጣት ሌላ ነገር ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ወጣት የእኔን ቋንቋ ሲሰማ ሆዱ ቢረበሽና ለአንድ ወራት፣ ለአንድ ዓመትም ቢሆን፣ ከእኔ ጋር አልጫወትም ቢል ልወቅሰው አልችልም። ሐዘን ከሜዳ የመውጣት መብት አለው። የሚጫወትበትን ቀን ለብቻው ቢያደርግም መብቱ ነው። እኔ በሄድኩበት አትግባ ሲል ግን፣ ወይም እኔ እርሱን አትግባ ስል፣ ነገሩ ይለወጣል። ማመልከቻችን የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከእነርሱ ጋር መጫወት ከብዶን ቢሆን ኖሮ ቤታችን መቀመጥ እንችል ነበር። እኛ የጠየቅነው ግን እነርሱ እንዲቀሩ ነው።

* * *

«ታዲያ ታማኝነት ወዴት ሄደ? ለሁሉ ታማኝ የሆነ ለማንም ታማኝ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ይህን ተቃውሞ አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆሳያ ሮይስ በ1908 «የታማኝነት ፍልስፍና» በተባለው መጽሐፉ አንሥቶታል። ሰው ለአንድ ዓላማ መሰጠት አለበት፣ ያለዚያ ሕይወቱ ቅርጽ አይኖረውም ይላል። ነገር ግን የእኔ ታማኝነት የሌላውን ታማኝነት የሚገድል ከሆነ መልካም የሆነውን ነገር ራሱን እያጠፋሁት ነው። ስለዚህ ዓላማዎች ሲጋጩ ለራሱ ለታማኝነት ታማኝ ሁን ይላል፤ በዓለም ላይ ታማኝነት እንዲበዛ በሚያደርገው በኩል ቁም። በእኛ አነጋገር፦ ወገንህን ውደድ፤ ሌላውም ወገኑን መውደዱን አክብርለት።

ይህ ሐሳብ ተራ በሆነ ነገር ላይ እንዴት እንደሚሠራ ከአንድ ብዙዎቻችን ከማናውቀው ጨዋታ ልጥቀስ። ዲስክ ጎልፍ ይባላል፤ እንደ ሰሐን ጠፍጣፋ የሆነ ፕላስቲክ እየወረወሩ ሰንሰለት በተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ የሚያስገቡበት ነው። በአሜሪካ የባለሙያዎቹ ማኅበር የተመሠረተው በ1976 ነው። ተጫዋቾቹ ጥቂት ጥቂት ሆነው አብረው ይዞራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዳኛ አይከተላቸውም። አንዱ እግሩን ካለ ቦታው አሳርፎ ቢወረውር ጥፋቱን መናገር ያለባቸው አብረውት የሚዞሩት ናቸው፤ የአንዱ ቃልም በሌላው መጽናት አለበት። እንግዲህ የተሳሳተው ሰው አብሮ አደግህ ነው እንበል። ዝም ብትል ለጓደኛህ ታማኝ የሆንክ ይመስልሃል፤ ግን ጓደኛህ ያገኘው ድል ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእርሱ አይደለም፣ አንተ የሰጠኸው ምጽዋት ነው። ተናግረህ ብታስተካክለው ግን ቀጥሎ የሚያገኘው ነጥብ የራሱ ይሆናል። ለጨዋታው የታመነ ለጓደኛውም ይበልጥ የታመነ ነው።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ እንዲህ አላልንም» ያለኝ ወጣት ያደረገው ይህንኑ ነው። የገዛ ወገኑን ጥፋት እርሱ ራሱ ተናገረ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ለዓርቦቹ ቡድን ከሁሉ ይበልጥ የታመነው እርሱ ነበር፤ ያላሉትን ክፉ ቃል እንዳሉት ሆኖ እንዳይቀርባቸው የተከላከለላቸው እርሱ ብቻ ነውና። እኔ ለወገኔ ያደላሁ መስሎኝ ወገኔን አሳማሁት።

* * *

የሚቀር አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። ከማንኛውም ሰው ጋር መጫወት ግዴታ ነውን? ተጋጣሚ ሊሆን የማይገባው የለምን?

አለ። ምሳሌውም ከዚህ ሩቅ አይደለም። በፌብሩዋሪ 1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ኻርቱም ላይ ተመሠረተ፤ መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ከኢትዮጵያ በኩል ከመሥራቾቹ አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው በኻርቱም ተዘጋጀ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። በግማሽ ፍጻሜ ልትገጥማት የነበረችው ኢትዮጵያ ስለነበረች ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ አለፈ፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ0 ተሸነፈ። ዋጋ ነበረው፤ ቡድናችን ወደ ፍጻሜው የገባው አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ነው። ቢሆንም ውሳኔው ትክክል ነበር።

ይህ ከላይ ያልኩትን ያፈርሰዋልን? አይመስለኝም። ደቡብ አፍሪካን ያስወጣት የገዛ ዜጎቿን ከሜዳ ማስወጣቷ ነው። ሌሎቹ ያልተቀበሉት ሰውን በሠራው ሳይሆን በተወለደበት የሚያጣራን በር ነው። ስለዚህ መለኪያው ያው ነው፤ ሊያሸንፈኝ የሚፈልግ ሰው ተጋጣሚዬ ነው፣ ምንም ቢጠላኝ። እንዳልኖር የሚፈልግ ግን ተጋጣሚነቱን ራሱ ትቶታል። በዚህ መለኪያ ራሴን ስመዝን የማፍረው፣ በዚያ ማመልከቻ ላይ በር አጣሪ የሆንኩት እኔ መሆኔ ነው። «አዲሶቹ ልጆች» የሚለው ሰውን በመጣበት ቀን ይጠራዋል፤ ቀኑ ደግሞ ያልፋል፣ አዲስም አሮጌ ይሆናል። «ባዕዳን» የሚለው ግን ሰውን በሆነው ነገር ይጠራዋል፤ ያ አያልፍም።

* * *

ሜዳው ምን ሆነ? መሥሪያ ቤቱ ለማንም አልወሰነም። ዓርብ ሰባት ሰው መጣ፤ ቀጥሎ አምስት። ቅዳሜም እንዲሁ እንደነበር ሰምቻለሁ። ሁለቱም ቡድኖች ያለ ተጋጣሚ ቀሩ፤ ከገዛ ራስ ጋር መጫወት አይዘልቅምና። ኳሷም ተነፈሰች፤ ፓምፑ ከእኛ ዘንድ ነበር፤ እኛም ኳስ አልነበረንም።

በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ከኻርቱምና ከኦምዱርማን የሸሹ ሰዎች ወደ ገዳሪፍ ግዛት መጡ። በዚህ ጊዜ ስደተኛው የአገሩ ባለቤት ሆነ። ከመጡት ወጣቶች ግማሾቹ የሂላልን፣ ግማሾቹ የመሪኽን መለያ ለብሰው ነበር። ሁለቱ ክለቦች በኦምዱርማን ለብዙ አሥርት ዓመታት ወንድምን ከወንድም ሲያከራክሩ የኖሩ ናቸው፤ በጦርነቱ ምክንያት በአገራቸው መጫወት ሲያቅታቸው ግን ሁለቱም በ2024 መጨረሻ በሞሪታንያ ሊግ ገብተው ተጫወቱ። በሰው አገር እንኳ አንዱ ያለ ሌላው አልሄደም።

እነዚህ ወጣቶች አንድ ዓርብ ወደ ሜዳው መጥተው «ቡድኖቹ እነማን ናቸው?» ብለው በዓረብኛ ጠየቁ። እንድመልስ ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ ሥራዬ ነዋ። ክፍፍላችንን ላስረዳቸው ሞከርኩ። አገራቸው በእሳት ላይ ላለ ልጆች፣ ከእሳት ለሸሹ ልጆች፣ ሜዳ ለምን በቀን እንደተካፈልን የሚያስረዳ ዓረብኛ ፈልጌ አጣሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉም አቃተኝ። «ገና አልተከፈለም» አልኳቸው።

በዚያ ሳምንት ከቅዳሜዎቹ ሦስት ልጆች ዓርብ መጡ፤ ኳሷን ይዘው ነበር። ሁለት ሁለት እየሆኑ ዘወር አሉና ተመልሰው መጡ። «ሂላልን ወይስ መሪኽን?» አሉ።

በማመልከቻው የተነካው ወጣት፣ ያን ቀን በክፍሉ ውስጥ ዓይኑን ከእኔ ላይ ያላነሣው፣ ከሦስቱ መካከል አልነበረም። ወደ ሌላ አገር ሄዷል ይላሉ። ይቅርታ ልጠይቀው የምችለው በዚህ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ አማርኛ እንደሚያነብ ዐውቃለሁ።